የተሰነጠቀ የመኪና ፕላስቲክ ዳግም እንዲሰበር እንዴት ይጠገናል?

ለማይዘልቅ ጥገና የመጀመሪያው እርምጃ የባምፐሩን ጀርባ አለማየት ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ፕላስቲክ ውስጠኛ ገጽ ላይ የቁሱ ስም በአጭር ምልክት ተቀርጾ ይገኛል፤ ፒፒ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፒሲ ፖሊካርቦኔት፣ ፒኤ ደግሞ ናይለን ነው። ኤቢኤስ የሚል ጽሑፍም አለ። ምልክቱን ሳያነብ ሥራ የጀመረ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ በግምት ይሆናል፣ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ሱፐር ግሉ ላይ ይወድቃል።

ሱፐር ግሉ ባምፐርን ለማበላሸት ተስማሚ ነው። ባምፐር በብዛት የሚሠራው ጎማነት ያለው ቁስ ከተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን፣ የዚህ ፕላስቲክ ገጽ ማጣበቂያ አይዝም። የያዘው ጥቂቱም ሲደርቅ ግትር ይሆናል፤ ባምፐሩ ግን ሲገፋ እንዲተጣጠፍ የተሠራ በመሆኑ መገጣጠሚያው በመጀመሪያው ንቅናቄ ይላቀቃል። ቤኪንግ ሶዳ መነስነስ ማጣበቂያውን ወዲያው ስለሚያጠነክረው ሥራው ያለቀ ይመስላል። ጥንካሬው ግን የጉብታው እንጂ የመገጣጠሚያው አይደለም። አቧራውን ሳይጠርጉና ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ሳይፍቁ መለጠፍ ውድቀቱን ያፋጥነዋል።

ስንጥቁ እንዲረዝም የሚፈልግ ጫፉን እንዳለ ይተወዋል። በጫፉ ላይ በትራፓኖ የሚበሳ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ጭነቱን አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ ስለሚበትነው ስንጥቁን ያስቆማል። ባምፐርን በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ መስፋት ለዓይን ባያምርም፣ በደንብ ከተሰፋ ከሱፐር ግሉ በእጅጉ ይሻላል። እሱንም ለማበላሸት ቀዳዳዎቹን ከስንጥቁ አፍ አጠገብ መብሳትና ሽቦውን አጥብቆ መጎተት ይበቃል፤ ሽቦው ፕላስቲኩን እየቀደደ ይወጣል።

በጋለ ካውያ ማቅለጥ ትክክለኛ ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ካውያው እስኪያጨስ ድረስ ማጋል ሲሆን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ጥንካሬውን ያጣል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ጭሱ ሳንባን ይጎዳል። ሁለተኛው የተለየ ፕላስቲክ መሙላት ነው። ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ፖሊኤቲሊን ነው፤ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር አብሮ የቀለጠ ቢመስልም አይዋሃድም፣ ሲቀዘቅዝ ይላጣል። መሙያው ከራሱ ከባምፐሩ ዓይነት መሆን አለበት።

አሴቶን ኤቢኤስን ስለሚያሟሟ ለዚያ ፕላስቲክ ጥሩ ማያያዣ ነው። ለፖሊፕሮፒሊን ምንም አይጠቅምም። የፊት መብራት መስታወት የሚባለው ደግሞ በአሁኖቹ መኪኖች ፖሊካርቦኔት ስለሆነ፣ በአሴቶን የተወለወለ መብራት ወዲያው ይደበዝዛል፣ በጥቃቅን ስንጥቆችም ይሞላል።

እስካሁን የተነሱት ጥፋቶች ገንዘብ ያስወጣሉ። ራዲያተር ላይ ሲደርስ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የብዙ ራዲያተሮች የላይና የታች ሳጥን መስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን ሲሆን፣ የሚሠራው በሙቀትና በግፊት ውስጥ ነው። የተሰነጠቀውን ሳጥን በማጣበቂያ ለጥፎ፣ ፍሳሹ እንዲቀንስ ክዳኑን ማላላት በአዲስ አበባ በተለይ አደገኛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ ክፍት ዕቃ ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጤናማ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ሙቀት ዙሪያ ይሠራል። እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የታፈነው ግፊትና ኩላንቱ ነው። ክዳኑ ሲላላ ውኃው ይፈላል፣ የሞተሩ ቴስታታ ይጣመማል። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን ይቃጠላል።

የኤርባግ ሽፋን በተመደበለት መስመር ላይ እንዲቀደድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በማጣበቂያ ወይም በብሎን የታሰረ ሽፋን ኤርባጉ በትክክል እንዳይከፈት ያደርጋል፣ ቁራጩም ወደ ተሳፋሪው ሊወረወር ይችላል። የፕላስቲክ ነዳጅ ታንከርም በካውያ አይነካም። ነዳጁ ተቀድቶ ባዶ ቢመስልም፣ ውስጡ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። ባምፐርና ስፖኪዮ ቤት ውስጥ ቢሞከሩ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ራዲያተር፣ የኤርባግ ሽፋንና የነዳጅ ታንከር ግን በባለሙያ እጅ ይቀየሩ።