ከ1 እስከ 5 ስንት ይሰጡታል?

በእኛ ጊዜ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ስኳርና ሳሙና፣ ቢያጣ ቢያጣ አንድ ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥሎ ይመጣ ነበር። የእህቴ የልጅ ልጅ በቀደም አርጆ ሲመጣ ያንጠለጠለው 14 ገጽ መጠይቅ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ነው አሉ። ርእሱን ሲነግረኝ መሀል ላይ ቆም ብሎ መተንፈስ ነበረበት፤ የቻይና የውጭ ፖሊሲ በአፍሪካ፣ ኢትዮጵያን እንደ ማሳያ፣ ምዕራብ ኢትዮጵያን እንደ ማሳያው ማሳያ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

ጥሩ። ታዲያ ቻይናን የሚያጠና ሰው ቤጂንግን ትቶ ከነቀምት 50 ኪሎ ሜትር ግድም ወደ ደቡብ ወርዶ ምን ይሠራል?

«አካኮ (አያቴ ማለቱ ነው)፣ የማኅበረሰቡን አመለካከት ነው የምፈልገው» አለኝ።

ማኅበረሰቡ እኔ ነኝ። ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ አንጮቴ እየላጥኩ ማኅበረሰብ ሆንኩ።

ጀመረ። «‹ቻይና አስተማማኝ የልማት አጋር ናት።› 1 በጣም አልስማማም፣ 5 በጣም እስማማለሁ። ስንት ይሰጡታል?» የትኛዋ ቻይና? አልኩት። ፔርሙዟ 11 ዓመት ቡናዬን በትኩሱ ያቆየችልኝ፣ ወይስ ባትሪዋ በሦስተኛው ቀን ከብት ፍለጋ ጫካ መሀል ጥላኝ የጠፋችው? «አካኮ፣ አንድ ቁጥር ብቻ።» እንግዲህ ለፔርሙዙ 5፣ ለባትሪው 1 ስጥልኝ ብለው ደምሮ ለሁለት አካፍሎ 3 ላይ ምልክት አደረገ። 3 ማለት «አስተያየት የለኝም» ነው ለካ! በ70 ዓመቴ ይኼን ሁሉ ተናግሬ አስተያየት የለውም ተብዬ ተመዘገብኩ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ የአርጆ ደዴሳን ስኳር ፋብሪካ ከቻይና ፕሮጀክቶች ጋር ደርድሮታል። ልጄ፣ እሱን የጀመሩት ፓኪስታኖች ናቸው፣ በኋላ መንግሥት ተረከበው፤ እዚህ ታች ቆላው ላይ ያለ ነገር ነው፣ ወርደህ ማየት ትችላለህ አልኩት። ላፕቶፑን ከፍቶ አጣራና ሰረዘው። እኔን ያመነው ላፕቶፑን ካየ በኋላ ነው።

እኔ ቻይናን አላውቅም ያለው ማነው? አርጆ ውስጥ የመጀመሪያው የቻይና ሊቅ አጎቴ ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ ቻይኖችን ፊት ለፊት ያጠና ሰው ነው። ሌሊት ጥሩምባ እየነፉ ሲመጡ የነበረውን ሲነግረን እኛ ልጆቹ ወደ ደጅ መውጣት እንፈራ ነበር። የግርጌ ማስታወሻ አልነበረውም፤ ትከሻው ላይ ጠባሳ ነበረው።

ሁለተኛው ትውልድ እኛ ነን፣ የባስነው። በ1966 ነቀምት ተማሪ ሳለሁ አንድም ቻይናዊ በዓይናችን ሳናይ ቻይናና ሶቪየት ስለተጣሉ እኛም ተጣላን። አንድ የቅርብ ጓደኛዬን «ከላሽ» ተብሏል ብዬ ሁለት ዓመት ዘጋሁት። ምን እንደከለሰ ያኔ አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም። እሱንም ስጠይቀው አያውቀውም። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ እኛ ማኦን እየጠቀስን ንጉሡን ስናወግዝ ንጉሡ በ1964 መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ማኦን ራሱን ጨብጠውት ተመልሰዋል። ከዚያ ደርግ ወደ ሞስኮ ዞረ፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ቻይና ለሶማሊያ አዘነበለች፣ የቻይና ሊቅነታችንም በዚያው ከሰረ።

ልጁ ግን ይኼንን አይጽፍም። እሱ የሚጽፈው መጽሐፍ የጻፉ ሰዎችን ነው። ዋቢዎቹ ብቻ ዘጠኝ ገጽ ናቸው! ዴቪድ ሺን የሚባሉት አሉ፤ እኛ ጋ የአሜሪካ አምባሳደር ነበሩ፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ፕሮፌሰር ሆነው ስለ ቻይናና አፍሪካ ወፍራም መጽሐፍ ከሌላ ሰው ጋር ጻፉ። ሰይፉዲን አደም የሚባለው የእኛው ሰው ደግሞ ስለ ቻይናና አፍሪካ የሚጽፈው ጃፓን፣ ኪዮቶ ተቀምጦ ነው። ኢትዮጵያዊ፣ በጃፓን፣ ስለ ቻይና! እኔ ከዚህ ተነሥቼ በደሌ ስሄድ ወገቤን ያመኛል።

የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ጁ ኤንላይ በ1956 ዓ.ም. ሲመጡ አዲስ አበባን ትተው አስመራ ላይ የተስተናገዱት የአሜሪካን ፊት ላለማጥቆር ነው ብሎ ልጁ እንደ ትልቅ ምሥጢር ሹክ አለኝ። እንግዳን ጎረቤት እንዳያይ በጓሮ በር ማስገባት ማስተርስ የሚያስፈልገው ከመቼ ወዲህ ነው?

አንድ ነገር ግን ጎዳኝ፣ ልደብቀው አልችልም። መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች በሙሉ እስረኞች ናቸው፣ ቅጣታቸውን እዚህ ይጨርሳሉ እያልኩ ለዓመታት ቡና ላይ አውርቻለሁ። እዚህ አካባቢ ይኼን ወሬ የማያውቅ የለም። ልጁ ሳቀብኝ። ዴቦራ ብራውቲጋም የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ወሬውን ተከታትላ ማስረጃ የሌለው ሆኖ አገኘችው አለኝ። አሁን ምን አወራለሁ? ይህ ትምህርት የሽማግሌ ወሬ እየዘረፈ ነው።

ከዘጠኙ ገጽ አንዷን ብቻ ወደድኳት። ሚርያም ድሪሰን ትባላለች። እሷ መጠይቅ በትና አልሄደችም፤ ትግራይ ውስጥ ከቻይና መንገድ ሠራተኞች ጋር ከርማ፣ ቋንቋቸውን እየተናገረች፣ ምሬታቸውን ሰምታ ነው የጻፈችው። ሰዎቹ መንገድ ስንሠራላቸው ያመሰግኑናል ብለው መጥተው፣ የገዛ ሠራተኞቻቸው ፍርድ ቤት ሲገትሯቸው ግራ ገባቸው አሉ። እንዲህ ያለው ነገር እኔም ይገባኛል፤ ምክንያቱም ልጅ አሳድጌ አመሰግናለሁ ሲባል አልሰማሁም።

«አንተስ ቻይንኛ ትችላለህ?» አልኩት። «ኒ ሃው» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። ቀጥሎስ? ቀጥሎ የለም።

ይኼኔ ጎረቤታችን ቡና ይዛ ገባች። እሷ የመንገድ ካምፕ ውስጥ ሦስት ዓመት ወጥ ቤት ሠርታለች። ይህቺን ጠይቃት አልኩት። ናሙናው ሞልቷል፣ እሷ «ቁልፍ መረጃ ሰጪ» ውስጥ አትመደብም ብሎ ተንደፋደፈ። ለወጉ ያህል ኒ ሃው ቢላት ሴትዮዋ አንድ ረጅም ነገር በቻይንኛ ለቀቀችበት። ልጁ ክው አለ።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ጨው አብዝተሃል፣ ነገ ራስህ ትሠራታለህ ነው ያልኩት፤ ሼፉ እንዲህ ነበር የሚቆጣን» አለች፣ ሲኒ እየደረደረች።

ልጁ ቀስ ብሎ አንድ ባዶ ቅጽ አወጣ። ዝቅ ብሎ፣ በአክብሮት፣ «ቻይና አስተማማኝ የልማት አጋር ናት፤ ከ1 እስከ 5 ስንት ይሰጡታል?» አላት።

«ዪ፣ አር፣ ሳን፣ ስ፣ ዉ» ብላ ቆጠረችለትና ሁለተኛውን ቡና ልትቀዳ ጎንበስ አለች። እስክሪብቶውን እንደያዘ የትኛው ሳጥን ላይ እንደሚያሳርፈው እኔን ያየኛል።