ያለ አግባብ ታስሮ የተፈታ ሰው ካሣ የሚጠይቅበት ሥርዓት

ያለ አግባብ ታስሮ የተፈታ ሰው ካሣ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2040 እንደሚለው፣ ሕግ ሳይፈቅድለት የሌላውን ሰው ነፃነት ለአጭር ጊዜም ቢሆን የነካ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ በታሳሪው ገላ ላይ ጭረት ባይታይም። ለጭሮና ለአካባቢው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው ጭሮ ተቀምጠው ጨርጨርን ያስተዳደሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ማንም ኢትዮጵያዊ ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይታሰር ይደነግግ ነበር። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በሕገወጥ መንገድ የታሰረ ሰው ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው በግልጽ ጽፏል። ከሕጉ በኩል እንግዲህ የጎደለ ነገር የለም።

የከሳሹ የመጀመሪያ ተግባር ታስሮ እንደነበር ማስረዳት ነው። ይህ የሚከብደው ሳይታሰር ቀርቶ አይደለም፤ በጥንቃቄ ስለሚታሰር ነው። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ የገባ ሰው እንግዳ እንጂ ታሳሪ አይባልም፤ እንግዳ ደግሞ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የተፈለገው ልጅ ሲታጣ አባቱ ወይም እህቱ በምትኩ ይያዛሉ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ፖሊስ ጣቢያዎችን ተመልክቶ ይህንኑ ዘግቧል። በወንድሙ ፈንታ የተያዘ ሰው አልተጠረጠረም፣ ስላልተጠረጠረ ፋይል የለውም፣ ፋይል ስለሌለው አልታሰረም። ለሦስት ሳምንት ምሳ ያመላለሰች ሚስት ልትመሰክርለት ትችላለች፤ እሷ ግን የቤተሰብ ምስክር ናት ተብላ ሚዛኗ ይቀልላል።

የዛሬው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር። በገለምሶ፣ በበዴሳ ወይም በሂርና ከጣቢያው እስከ ወረዳ ፍርድ ቤቱ በእግር የሚሄድ ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ሊደርስ ይችላል። ያው መንገድ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ መኖሩ ግን ለመንገዶች ባለሥልጣን ሊጠቆም የሚገባው ጉዳይ ነው። ቤተሰብ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ካቀረበ ታሳሪው ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወርና «እኛ ዘንድ የለም» የሚል እውነተኛ መልስ ይሰጣል። አንዳንዴ ደግሞ በቀጠሮው ዋዜማ ማታ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ አቤቱታው ይዘጋል፤ ሰውዬው ወጥቷል፣ ምን ቀረው?

ከሁሉ የሚጥመው ተከሳሽን የመምረጡ ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 መሠረት መንግሥት ካሣ የሚከፍለው ሠራተኛው ያጠፋው የሥራ ጥፋት ሲሆን ነው፤ የግል ጥፋት ከሆነ መንግሥት የለበትም። ቁጥር 2127 ደግሞ የሥራ ጥፋት ማለት ሠራተኛው በሥልጣኑ ልክና ለመንግሥት ጥቅም እየሠራ መስሎት በቅን ልቦና ያጠፋው ነው ይላል፤ ቅን ልቦናውም ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳለ ይገመታል። ስለዚህ ከመንግሥት ካሣ የፈለገ ከሳሽ ያሰረው ሰው ቅን እንደነበር ከልቡ ሊመኝለት ይገባል። በእርሻ ድንበር የተጣላው ጎረቤቱ ፖሊስ በሆነ ዘመዱ በኩል በቂም እንዳሳሰረው ማስረጃ ያገኘ ሰው ማስረጃውን ቢደብቀው ይሻለዋል። ካወጣው ይረታል፤ የሚረታው ግን ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰውን አንድ ኮንስታብል ነው። ጊዜ ቀጠሮ የፈቀደውን ዳኛ መክሰስ ደግሞ አይታሰብም፤ በቁጥር 2138 ከሥራው ጋር በተያያዘ አይከሰስም።

የካሣው ልክ ከደረሰው ጉዳት እኩል መሆን አለበት። ይህ ለደመወዝተኛ ቀላል ነው፤ ለጫት ነጋዴ ግን አይደለም። ማለዳ የተቀነጠሰ ጫት በዚያው ቀን ካልተጫነ በነጋታው ለፍየል ነው፤ ደረሰኝም አብሮት አይበቅልም። የሕሊና ጉዳትን በተመለከተ ሕጉ ከሳሹን ከስስት ጠብቆታል፤ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር በላይ አይፈቀድም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ገንዘብ 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ብሩ ሲወርድ የሰው ሕሊናም አብሮ እንደሚረክስ ሕግ አውጪው አስቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም።

ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ግን በዚያ ይቆጠራል፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ደግሞ ሕገወጥ እስር የፈጸመ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ምርመራውን የሚያጣራው ፖሊስ ነው። የዳኝነት ክፍያ በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ይታሰባል፤ የሌለው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ድህነቱን ያስመሰክራል። በእስሩ ከደኸየ ማስረጃው አይቸግረውም።

ከፍርድ ቤት ውጭም መፍትሔዎች አሉ። በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተይዘው አዋሽ አርባን ወደመሳሰሉ ካምፖች ከተጋዙት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት ሥልጠና ተሰጥቷቸው «አይደገምም» የተጻፈበት ካናቴራ ለብሰው ተመልሰዋል። የማይደግመው ማን እንደሆነ ካናቴራው ባይናገርም፣ የለበሰው ታሳሪው ነበር። ሰኔ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ፊት ቀርበው መንግሥት ሰዎችን ያስርና ያሰቃይ እንደነበር አመኑ። በሙግት ሥርዓት የተከሳሽ እምነት ከማስረጃ ሁሉ የበረታ ነው፤ በምክር ቤት ሲሆን ግን ይጨበጨብለታል።

የመጨረሻው መንገድ ሽምግልና ነው። የሀገር ሽማግሌዎች በርጫ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ፤ «ዋናው መውጣትህ ነው፣ መንግሥት አባት ነው፣ ከአባት ጋር አይካሰሱም» ይሉታል። ተበዳዩ ይመርቃል፣ ይመረቃል። ለመፈታቱ ደስታ የታረደው በግ ዋጋ በጉዳት ዝርዝሩ ይካተት እንደሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አልተናገረም።