በማተብ ላይ ስለሚንጠለጠሉ ነገሮች፦ ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ የተደረገ ጥናት

በሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ታማኝነቱን በአካሉ ከሚያሳይባቸው ምልክቶች ሁሉ ነባሩ ማተብ ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሡ አንገት ላይ ይታሰራል፤ ሦስቱ ክር በአንድ መገመዱም የሥላሴ ምሳሌ ነው ይባላል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ያልተጠናው ክሩ ላይ የሚንጠለጠለው ነው። ዶናልድ ሌቪን እንኳ መንዝ ድረስ ወጥቶ፣ ያን ብርድ ችሎ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ»ን ሲያሳትም ለማተብ ቁልፍ አንድም ምዕራፍ አልሰጠም። ጥናታችን የሚጀምረው ከዚህ ቸልታ ነው።

የታሪክ ዳራ እንደ ደንቡ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ሕዝባቸው የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የካደበትን ቃል በእጁ ላይ እንዲጽፍ አዝዘው ነበር። ዘዴው አንድ ጉድለት ነበረበት፦ ግንባር ላይ ዕቃ አይንጠለጠልም። አንገት ግን ይችላል።

በመጀመሪያው መደብ መስቀል ይገኛል። የእንጨትም የብርም አለ። ከብሩ መስቀል ብዙው የማሪያ ቴሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው፤ የቪየናዋ ካቶሊክ እቴጌ፣ 1780 የሚለው ዓመተ ምሕረቷ ሳይቀር፣ በአንጥረኛ እሳት አልፋ የተዋሕዶ ልጅ ሆናለች። ፈቃዷን የጠየቀ የለም። ሁለተኛው መደብ ወረንጦ ነው። መርሐቤቴ ቆላው ላይ እሾህ ይነቅላል፤ ደጋው ላይ እሾሁ ሲጠፋ ወደ ዓይን ፀጉር ይዛወራል፤ ትራኮማ በሚያሠቃየው አገር ይህ ሥራ ቀልድ ስላልሆነ እናልፈዋለን። ቀለበት የሚያንጠለጥሉም አሉ። ይንጠልጠል።

ሦስተኛው መደብ ቁልፍ ነው።

ቁልፉ የሳጥን ነው። ሳጥኑ አልጋው ራስጌ ወይም መደቡ ሥር ይቀመጣል፤ ውስጡ የበዓል ቀሚስ፣ የመሬት ደብተር፣ በጨርቅ የተቋጠረ ብርና ስኳር አለ። መሬቱን ወረዳው መዝግቦታል፤ ቀሚሱን ጎረቤት አይቶታል፤ ብሩንም ዘመድ በግምት ያውቀዋል። ስኳሩ ምን ያህል እንደቀረ ግን የምታውቀው እናት ብቻ ናት። ቁልፉ ከመስቀሉ ጎን የተሰቀለበት ምክንያት ይኸው ነው።

ባለ ረጅም ክርና ባለ አጭር ክር ብለን እንክፈለው። ባለ ረጅሙ ለመክፈት ይመቻል፤ ባለቤቱ ምድጃ ላይ ስታጎነብስ ግን ሽሮው ውስጥ ይነከራል፤ በዚህም የተነሣ ከሩቅ በጠረኑ ይለያል። ባለ አጭሩ የዚህ ጥናት ልብ ነው። ክሩ ጓጉንቸሩ ድረስ ስለማይደርስ አንገት ወደ ጓጉንቸሩ ይሄዳል። እናት ትንበረከካለች፣ ጉንጯን ሳጥኑ ላይ ታስደግፋለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ትይዛለች። ድንገት በሩን የገፋ እንግዳ ጸሎት ላይ ያገኛት መስሎት ይቅርታ ብሎ ይመለሳል። ክሩን ለምን አያስረዝሙትም ተብለው የተጠየቁ አንዲት እናት «ሌላ እጅም እንዲደርስበት?» ብለዋል።

ለምን አይፈታም? ማተብ አይፈታማ! ማተቡ ካልተፈታ ቁልፉም አይወልቅም። ስኳር ያማረው ልጅ መጀመሪያ የእናቱን ማተብ መበጠስ ይኖርበታል፤ ይህም ጉዳዩን ከቅምሻ ወደ ክህደት ያሻግረዋል። እናት እንቅልፍ ከጣላት በኋላ እስከ አንገቷ ድረስ ደርሰው እዚህች ነጥብ ላይ የተመለሱ ልጆች ብዙ ናቸው። (ይህን የማውቀው በንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው።) ከዚህ ሌላ መስቀልና ቁልፍ ሲጋጩ የሚሰጡት ድምፅ አለ። መስቀል ብቻውን ድምፅ የለውም፣ ቁልፍም እንደዚያው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሌማት ውስጥ የገባች ትንሽ እጅ በቅጽበት ትወጣለች።

የአየር ንብረትም ድርሻ አለው። ጓሳ ዙሪያ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ከልብስ ውጭ ያደረ ቁልፍ ጠዋት ደረት ላይ ሲመለስ የማማ፣ የላሎና የጌራ እናቶች በአንድ ዓይነት ድምፅ «እሰይ!» ይላሉ፤ ምን አስደስቷቸው እንደሆነ አይገልጹም። ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ላብ ያዝገዋል። ጊሼ ላይ መካከለኛ ውጤት ተጠብቆ ነበር። እዚያው ጊሼ፣ ራቤል ላይ ቁልፋቸውን እንዲያሳዩኝ የለመንኳቸው እናት ግን «ምን አገባህ?» አሉኝ፤ መረጃው እንዳለ ተመዝግቧል።

ሳጥን የሌለው ቁልፍም አለ። ሞላሌ ላይ ያገኘኋቸው አሮጊት ሳጥናቸውን ለልጃቸው ልጅ በሠርጓ ከሰጧት ቆይተዋል፤ ቁልፉ ግን አንገታቸው ላይ ነው።

«እማማ፣ ሳጥኑ ከሌለ ቁልፉ ምን ያደርጋል?»

«ልጄ፣ ሌባው ሳጥን እንደሌለኝ በምን ያውቃል?»

ለንጽጽር ባጅን እንይ። በደርግ ጊዜ ደረት ላይ ይሰካ የነበረው ባጅ በመርፌ ስለሚያያዝ ኮቱ ሲወልቅ ታማኝነቱም አብሮ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ብዙ ኮት ወልቋል። የካቲት 23 ደረት ላይ የሚውለው ሦስት ቀለም ጥብጣብ በማግስቱ መሳቢያ ይገባል። ዛሬ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሆቴሎች ውስጥ የሥልጠና ተሳታፊው ስሙ የተጻፈበትን ካርድ በጥብጣብ አንገቱ ላይ አጥልቆ ይታያል፤ ጽናቱ አበል እስኪከፈል ነው። አንዳቸውም ስኳር ጠብቀው አያውቁም።

አራተኛውን መደብ፣ ማለትም ክታብንና ከቁልፍ ጋር ያለውን የቦታ ሽሚያ፣ ልጀምር ነበር። የቁልፉን መደብም በጓጉንቸሩ ዓይነት እንደገና ለስምንት ለመክፈል ሠንጠረዥ አስምሬአለሁ። ነገር ግን መሐል ሜዳ ላይ ያሳደሩኝ እናት ቡናውን አፍልተዋል፣ ስኳሩ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ክራቸው አጭር ነው፣ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞር ታዝዣለሁ።