በሬው ይቆይ፣ እናትየዋ በሕይወት አለች

«እናታችን የምትረሳው እርጅና ነው፤ ጃጅታ ነው» ይላል የበኩር ልጅ።

የሰፈራችሁ አለቃ በዕድሜ ይበልጧታል፤ ዳዊታቸውን ግን ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል። ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሳቸውም ከቅዳሴ ሲመለሱ በራቸው በጠፋቸው ነበር። እናትህን የያዛት የመርሳት በሽታ ነው፤ የአንጎል ሕመም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ስለ አንዱ ዓይነቱ በ1906 እ.ኤ.አ. ተናግሯል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው የመርሳት በሽታ አለበት። «የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትለው እኅትህም ትስማ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሕሙማኑ ከመቶ ስልሳ የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። በእኛው ዓይነት አገር ማለት ነው።

«ምራቷ አስደርጋባት ነው።»

ትናንት ሌሊት ሦስት ጊዜ የተቀየረውን አንሶላ ያጠበችው ይህችው ምራት ናት። ስሟን ከማንሣትህ በፊት ሄደህ እጇን ሳም።

«እንግዲያው አማኑኤል እንውሰዳት።»

ያለችውስ የት ሆነና! የአዲስ አበባውን የአእምሮ ሆስፒታል ማለትህ ከሆነ፣ መታከሚያ ቤት ነው፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን ከእኛይቱ ከተማ፣ ከጎጃሟ አማኑኤል፣ እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ሳቢያ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ኖሯል። አጠገብህ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አለልህ። በዚያ ጀምር። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው መዳን የሚችለውን ነው፤ መርሳት የሚመስል ሁሉ የማይድን አይደለምና። የእንቅርት ዕጢ ሥራውን ሲያጓድል ሰው ይፈዛል፣ ይረሳል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እንዲሁ። ባሏን ቀብራ በኀዘን የደቀቀች ሴት የረሳች ትመስላለች፤ ያለባት ግን ድብርት ሊሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጤነኛዋን አሮጊት በሁለት ቀን ሊያቃዣት ይችላል። ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ከሆነ ውስጥ የቋጠረ ደም ሊኖር ይችላል፤ ያ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው። ጆሮዋ ያልሰማውን፣ በሞራ የተጋረደ ዓይኗ ያላየውን ደግሞ «ረሳች» እያላችሁ ስትቆጥሩባት ልትገኙ ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ ሳይመረመር «በቃ፣ ጃጅታለች» ማለት ፍርድ መገምደል ነው።

«ጸበል ይሻላታል።»

ውሰዷት፤ ማን ከለከለ። ግን የደም ግፊት ክኒኗን አታስጥሏት፤ ግፊቱ ያልተያዘ ሰው በስትሮክ ላይ ስትሮክ ሲጨመርበት መርሳቱም ይብስበታል። በሐምሌ ብርድም አጥንቷ ብቻ የቀረ ሴት ራቁቷን አታቁሙ። ካህኑን ጠይቁ፤ መጠጣትም፣ መቀባትም አለ ይሏችኋል።

«እኔ ከሲያትል በየወሩ እልካለሁ» ትላለች ሁለተኛዋ።

እግዜር ይስጥሽ፤ ከልቤ ነው። ያንቺ ዶላር ባይኖር መድኃኒቷም ባልተገዛ። ነገር ግን አንቺ ከሁላችን ይልቅ የምታውቂው ነገር አለ። በዚያ ባሕር ዳርቻ ከተማ ያሉትን የአረጋውያን ቤቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ ስንቶቹ የአገርሽ ልጆች በእነሱ ውስጥ የሰው እናት እያጠቡና እያጎረሱ ይኖራሉ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ መኖሪያ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. መካከለኛ ክፍያው በወር 5,900 ዶላር ገደማ ነበር። በሩ በኮድ የሚዘጋው የመርሳት ሕሙማን ክፍል ከዚያም ይወደዳል። የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ይህን የመኖሪያ ወጪ አይከፍልም። የፈረንጅ ልጅ ቤት ሸጦ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ሲያልቅና ድሃ ሲባል ሜዲኬይድ ይደርስለታል። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? መልሱ አንቺው ጋ ነው፦ ሥራው ፈረቃ አለው። ስምንት ሰዓት ትሠሪያለሽ፣ ተረኛዋ ትመጣለች፣ ቦርሳሽን አንሥተሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። አማኑኤል ያለችው እኅትሽ ግን ተረኛ አይመጣላትም። ስለዚህ ስትደውዪ «ብሩ ደረሰ ወይ?» ብለሽ አታብቂ። «ሌሊቱን ማን ነው የሚነቃው?» በዪ። «አንቺ መቼ ነው የምትተኚው?» በዪ።

«ትንሿ አለች፤ ደግሞም አላገባችም» ይላል ሦስተኛው።

አላገባችም ወይስ እንዳታገባ አደረጋችኋት? የሚጠይቃት በመጣ ቁጥር «እናታችንን ለማን ትታ» ብላችሁ የመለሳችሁት እናንተ ናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመርሳት ሕሙማን ከሚደረገው እንክብካቤ ከመቶ ሰባው ሰዓት በሴቶች ትከሻ ላይ ነው ይላል። አማኑኤል ውስጥ ይህን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፤ ማታ ከብት ሲገባ አንዱን ግቢ ማየት ይበቃል። እናት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሙዳይዋን በጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ትቆማለች። «መሸብኝ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ትላለች፤ በገዛ ቤቷ፣ ራሷ ባስመረገችው ግድግዳ ሥር ቆማ። ልጅቱ አትከራከራትም። «እሺ እምዬ፣ ልሸኝሽ» ትላትና ክንዷን ይዛ ግቢውን ታዞራታለች፤ ጓሮውን፣ ጋጣውን፣ የባሕር ዛፉን ጥግ፤ መልሳም በዚያው በር ታስገባታለች። «ደረስን» ስትላት እናትየዋ «ተመስገን» ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ ምድጃው በአመድ ይዳፈናል፤ በሩ ላይ ቃጭል ይታሰራል፤ ልጅቱ መውጫው ላይ ተጋድማ ትተኛለች። የእናትየዋ ቀሚስ ጠርዝ ላይ፣ ብትጠፋ ያገኛት እንዲደውል፣ ስልክ ቁጥር ተሰፍቷል። ይህን ሙያ ልጅቱን ማንም አላስተማራትም። ሲያትል ብትሆን ደመወዝ ይከፈላት ነበር። እናንተ ግን «ሥራ የላትም» ትሏታላችሁ።

«ሠራተኛ እንቀጥራለን።»

ቅጠሩ። ግን ለትልቅ ሰው ሥራ ትልቅ ሰው ቅጠሩ። ከገጠር የመጣችን ሕፃን ልጅ በአንድ ጋቢ ከበሽተኛ ጋር አጋድማችሁ፣ የማታ ትምህርቷን አስቀርታችሁ፣ እናታችሁ «ሌባ» ብላ ስትጮህባት እናንተም አብራችሁ ኪሷን አትበርብሩ። ሌባ ማለቱ የበሽታው ነው፤ ዕቃውን ራሷ ደብቃ የት እንዳደረገችው ይጠፋታል። ለሠራተኛዋ ይህንን ቀድማችሁ ንገሯት፤ ደመወዟንም፣ የእረፍት ቀኗንም ወስኑላት።

«መቄዶንያ ትግባ።»

አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ያንን ቤት የከፈተው ጎዳና ላይ ለወደቀ፣ ሰው ለሌለው ነው። እናትህ ቤት አላት፣ መሬት አላት፣ አምስት ልጅ ወልዳለች። ያንን አልጋ ለሚገባው ተውለት። ይልቅ አንድ ነገር ላክለት።

«የጤና መድህን አለን እኮ።»

አላችሁ፤ ጥሩ ነው፤ ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን ካርዱን፣ ምርመራውን፣ አልጋውን ይሸፍናል። ሌሊት የሚነቃን ሰው ግን አይከፍልም። ጡረታም የደመወዝተኛ እንጂ የገበሬ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል፤ ያ አቅም ወረዳችን ድረስ መጥቶ አላየሁትም። ጠይቁት፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እስኪመጣ ግን ቀለብ የማን ግዴታ እንደሆነ የቤተሰብ ሕጉ ተናግሯል፦ የልጅ ነው። ያገባም ያላገባም፣ ወንድም ሴትም።

«ለሚጦራት መሬቷን በስጦታ ታስተላልፍ፤ አሻራዋን እናስነሣት» የሚለው አራተኛው ነው። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ለጧሪ መስጠት የአገር ወግ ነው፤ ጧሪዋም ማን እንደሆነች ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ቀኑን ከማታውቅ፣ ልጆቿን በስም ከማትለይ ሴት አውራ ጣት ይዞ ቀለም ላይ መጫን ስጦታ አይባልም፤ ዝርፊያ ነው። ልቧ ገና ሳለ፣ ሽማግሌና ምስክር ባለበት፣ የምትፈልገውን ራሷ ትናገር። ከዚያ ካለፈም ፍርድ ቤት አለ፤ ፍትሐ ብሔር ሕጉ አእምሮው ለደከመ ሰው በፍርድ ክልከላ ሞግዚት ያቆምለታል። በዚህ በኩል ሂዱ። በአሻራ የመጣ መሬት አራት ወንድማማች ሲያጋድል አይተናል።

«ከየት እናምጣ? ምንም የለንም» አላችሁ ሁላችሁም ባንድ አፍ።

ይህችን አልተዋትም። ባለፈው ዓመት ለአጎታችሁ ተዝካር ማን በሬ ጣለ? ጠላው ስንት ጋን ነበር? እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ደረደረ፣ ንፍሮ ቀቀለ፤ እናንተም ያላችሁን አዋጣችሁ፣ የሌላችሁን ተበደራችሁ። የለንም ያላችሁት ለአልጋ ላስቲክ፣ ለሳሙናና ለክኒን፣ ለአንዲት ሴት ደመወዝ ሲሆን ነው። ለእናታችሁ ተዝካር የሚታረደውን በሬ ከወዲሁ እየቀለባችሁት እንደሆነም አውቃለሁ። ሽጡት። በቁሟ ያላጎረሳችኋትን፣ ስትሞት አገር አብልታችሁ አትክሷትም። እድሩም ቢሆን ደንቡን ይመልከት፦ ለቀብር ከሚሰበሰበው ጥቂቱ በሕይወት እያሉ አልጋ ለያዙና ለረሱ ቢመደብ፣ ሴቶቹም በተራ ግማሽ ቀን እየተቀመጡ አስታማሚዋን ገበያና ቤተ ክርስቲያን ቢያስኬዷት፣ ማን ይቃወማል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ስንል የኖርን ሰዎች ነን።

እንግዲህ ለታኅሣሥ አማኑኤል ንግሥ፣ በገና ዋዜማ፣ ሁላችሁም ትመጣላችሁ። በጉ ከመታረዱ በፊት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ማን በወር ስንት እንደሚከፍል ጻፉ። ገንዘብ የሌለው ስንት ሌሊት እንደሚያድር ጻፉ። ለትንሿ እኅታችሁ ደመወዟን፣ የእረፍት ቀኗን ጻፉ፤ ከሲያትል ያለችውም በስልክ ትስማ። ፈርሙበት። ከበዓሉ ማግሥት ደግሞ አንዳችሁ እናታችሁን ይዛችሁ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ካርድ አውጡላት።