ጎረቤትን እንቅልፍ ለመንሳት፦ ለቆላ ከተማ ነጋዴ የተሰጠ የፌዝ ምክር

ነገሌ ቦረና ላይ፣ ወይም ሞያሌ አዲስ ግሮሰሪ ሊከፍቱ ነው እንበል። መጠጡን አራግፈዋል፣ ወንበሩን ደርድረዋል፣ ንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። የቀረዎት ሰፈሩን እንቅልፍ መንሳት ብቻ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በወጉ የሚሠራው ግን ብልሃት ያለው ሰው ነውና ልብ ብለው ይስሙኝ።

አስቀድመው ቦታ ይምረጡ። ከገበያው መሀል አይክፈቱ፤ እዚያ ማታ የሚያድር ሰው ስለማይበዛ ድካምዎ ከንቱ ይቀራል። መኖሪያ ሰፈር ይግቡ፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቤት ጋር ቢዋሰኑ ይመረጣል። የቆላ ከተማ ለዚህ ሙያ የተመቸ ነው። ደጋ ቢሆን ሰዉ በሩን ጠርቅሞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያመልጥዎት ነበር። እዚህ ግን ወበቁ መስኮት አስከፍቶ ያሳድረዋል፤ በበጋ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ የሚተኛም አለ። መንገዱን ራሱ ሙቀቱ ከፍቶልዎታል።

ቀጥለው ሞንታርቦ ይግዙ። ቤት ውስጥ አያስቀምጡት፤ የገባ ደንበኛማ ገብቷል። ከበሩ ውጭ አውጥተው አፉን ወደ ሰፈሩ አዙረው ይትከሉት። ባሱን እስከ መጨረሻው ይልቀቁት። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ ያግደዋል፤ ባሱ ግን ግድግዳ አልፎ አልጋ ሥር ይገባል። የጎረቤት ቆርቆሮ መንዘር ሲጀምር፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ብርጭቆ እርስ በርሱ ሲንኳኳ ልኩ ደርሷል።

ቁጥሩንም ማወቅ አለብዎት፤ ሕግ በወጉ የሚጣሰው ሲታወቅ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ ጣሪያ እንዲወጣለት ያዝዛል። የወጣው ደረጃም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ ቦታ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ይፈቅዳል፤ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ3 ሰዓት በፊት ብዙ አይድከሙ። እውነተኛው ጥሰት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሞንታርቦዎ አንድ ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል ያወጣል እንበል። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ሁለት ሜትር ላይ 94፣ አራት ሜትር ላይ 88 እያለ 64 ሜትር ላይ ሲደርስ 64 ይሆናል። ይህ ለመኖሪያ ሰፈር ከቀኑም ልክ ያለፈ ነው። 256 ሜትር ላይ 52 ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሲርቅ እንኳ 46 አካባቢ ይቀራል፤ አሁንም ከሌሊቱ ጣሪያ በላይ። በመሀል ያሉ ቤቶችና አጥሮች የተወሰነውን ይውጡታል፤ ቢሆንም በአንድ ሳጥን ስንት ቤት እንደሚዳረስ ከዚህ ይገምቱ።

እዚህ ላይ ፌዙን ለጥቂት መስመር ላቆየው። በዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት አራስ አለች። ነገ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ አለ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ አይሱዙ የሚነዳ ሹፌር አለ፤ የዚያ ሰው እንቅልፍ መንገድ ላይ የሚገጥሙት ሰዎች ሁሉ ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መኝታ ቤት ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ሌሊት ከ30 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የተቆራረጠ እንቅልፍ ሲደጋገም ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝም የሕክምና ሰዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እኛ ጋ ግን እንቅልፍ አጣሁ ብሎ አቤት የሚል ሰው እንደ ቅምጥል ይታያል። ይህ ያናድደኛል። ቀኑን በፀሐይ ሲቃጠል ለዋለ ሰው ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ሌላ ማረፊያ የለም።

ወደ ምክሩ ልመለስ። ጎን ያለው ነጋዴም ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ከሆነ ቀርበው አያነጋግሩት። ከሱ በ10 ዴሲቤል ብቻ ይበልጡ፤ ጭማሪዋ ትንሽ ትመስላለች፣ የድምፁ ኃይል ግን 10 እጥፍ ሆኗል። እሱም በነጋታው ይጨምራል። በዚህ መካከል መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የጎረቤት መስኮት ሥር ያስነሡት። ቀን ቀን ደግሞ ልብስ ሻጩ «ቅናሽ! ቅናሽ!» የሚል ድምፁን ሜጋፎን ላይ ቀድቶ፣ ራሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያስጮኸዋል፤ ባጃጁ ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ክላክስ ይነፋል። ብቻዎን አይደሉም።

ሊያሳፍርዎት የሚሞክር አስተዋይ ሰው ግን አይጠፋም። «ይህ አገር ድምፅን ያውቅበታል» ይልዎታል። የቦረና እረኞች ቱላ ኤላ በሚባለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ውኃ ሲቀባበሉ እየዘፈኑ ነው፤ ዜማው የእጃቸውን ምት ይጠብቃል። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ላይም ብዙ ሺህ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ተራ እየጠበቀ ሕግ ይመክራል። አያዳምጡት። ከነገሌ ወጣ ብሎ በሊበን ሜዳ ላይ የምትዘምረውን፣ ከምድር ልትጠፋ የተቃረበችውን የሊበን ወፍ ለማየትና ለመስማት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች እንዳሉም ይነግርዎት ይሆናል። ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ መገኘት ያለበት ያ እንግዳ ሌሊቱን በእርስዎ ሞንታርቦ ዓይኑን ሳይከድን ያድራል፤ ለከተማው የሚያወጣው ስም የራሱ ጉዳይ ነው።

ሞያሌ ላይ ከሆኑ ጠንቀቅ ይበሉ። ድንበሩን ተሻግረው ቢሠሩ የኬንያ የ2009 እ.ኤ.አ. የድምፅ ደንብ ይጠብቅዎታል። ሌሊቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምረዋል፤ ለመኖሪያ ሰፈር ከቤት ውጭ የሚፈቅደውም 35 ዴሲቤል ብቻ ነው። እዚያም ሥራ ላይ ማዋሉ ትግል ነው፤ የናይሮቢው ገዥ ጆንሰን ሳካጃ በ2022 እ.ኤ.አ. በመኖሪያ ሰፈር ያሉ የምሽት ክበቦች እንዲዘጉ ሲያዙ ከተማው ተናውጦ ነበር። ነገሩ ግን የሰፈር ጭቅጭቅ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ሥራ ሆኗል። ከድንበሩ ወዲህ ይቆዩ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን፤ ጎረቤት ይመጣል። ብዙ ጊዜ የምትመጣው አንዲት አሮጊት ናት፣ ጠዋት፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

«ልጄ፣ ትናንትም አልተኛሁም። የልጅ ልጄ ታማለች።»

አይቆጡ፤ ተነሥተው ወንበር ይስጧት። «እሺ አዴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እቀንሳለሁ» ይበሏት። ማታ ለግማሽ ሰዓት ይቀንሱና መልሰው ይክፈቱት። ሁለተኛ ስትመጣ ሙዚቃው የደንበኛ ፍላጎት ነው ይበሏት። ሦስተኛ ከመጣች የእምነት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ያንሡባት፤ «እሱንስ ለምን ዝም አላችሁት?» ይበሉ። ይህች ጥያቄ ሁሉንም አፍ ታስይዛለች፤ የድምፅ መለኪያ ሃይማኖት እንደማይለይ፣ ለሁሉም አንድ ቁጥር እንደሚያነብ የሚያስታውስ ሰው እስኪመጣ ድረስ። እልኸኛ ከሆነች ወደ አንዱ ቢሮ ትሄዳለች። እዚያ «የኛ ሥራ አይደለም» ብለው ወደ ሌላው ይልኳታል፤ ሌላውም ወደ መጀመሪያው ይመልሳታል። እርስዎ ምንም ሳያደርጉ ሦስት ወር ያልፋል።

አደጋው ያለው እሷ ማወቅ የሌለባትን ካወቀች ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ይህንን አትስማ። አዋጅ 300 የአካባቢ ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠይቅ በማንኛውም ሰዓት ግቢዎ መግባት እንዲችል ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ይህንንም አትስማ። ከሁሉ በላይ አንቀጽ 11ን ይደብቋት። ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን የሚጎዳን ሰው ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት በአቤቱታ መክሰስ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ዓይንዎ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ካሉት ራፖር ጸሐፊዎች ላይ ይሁን። አሮጊቷ እዚያ ተቀምጣ የሞንታርቦውን ቦታ፣ ሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደተከፈተና እንደተዘጋ በየቀኑ ያስያዘችውን ዝርዝር፣ የልጅ ልጇ ስልክ ላይ ያነበበችውን ዴሲቤል፣ የሦስት ጎረቤት ምስክሮችን ስም ስታጽፍ፣ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አሠርታ አንዱ ላይ የአካባቢ መሥሪያ ቤቱን የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ስታስመታ ካዩ፣ ያን ዕለት 30ው ቀን መቆጠር ጀምሯል።