ሰነፍ ያደሰው ጊታር

አሮጌ ጊታር ቤት ውስጥ ለማደስ ኮላ፣ ሞርሳና ጠመንጃ መፍቻ ያስፈልጋል ይባላል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ስንፍና ነው ባይ ነኝ። ትጉህ ሰው ጊታር እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሳው ብርጭቆ ወረቀት ነው። ይፈገፍጋል፣ ቫርኒሽ ይደርባል፣ ሲያብለጨልጭ አይቶ ደስ ይለዋል። የጊታር ፊት ውፍረት ግን ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምፁም የሚወጣው ያ ስስ እንጨት ሲርገበገብ ስለሆነ ቫርኒሹ በተደራረበ ቁጥር ይታፈናል። «ርካሽ ጊታር ነው፣ ምን ይቀርብኛል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ የርካሹ ፊት ፕላይውድ መሆኑ ነው፤ ላይ ላዩን የሚታየው ያማረ እንጨት እጅግ የሳሳ ነውና ትጋቱ ትንሽ ከበረታ ገመናው ይወጣል። ውድ ከሆነ ደግሞ ይባስ፦ ቀለሙ የተቀየረ አሮጌ ጊታር በሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋው ይወርዳል። ደክሞ መክሰር ይሏል ይሄ ነው።

ማስረጃ ለሚሻ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የዊሊ ኔልሰን ጊታር አለ። «ትሪገር» የሚል ስም የወጣለት ይህ ባለ ናይለን ክር ማርቲን ኤን-20 በ1969 እ.ኤ.አ. የተገዛ ነው። የናይለን ክር ጊታር የሚሠራው በጣት እንዲጫወቱበት ነው፤ ዊሊ ግን በመምቻ ለዓመታት ሲገርፈው ፊቱ ተፍቆ ተፍቆ ከድምፅ ቀዳዳው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። ትጉህ ቢያገኘው ሳይደፍነው አያድርም ነበር። ዊሊ ተወው፤ ጊታሩም በዚያው ቀዳዳ ታወቀ። «ኦስቲን ከተማ ውስጥ ባለሙያ ይከታተለው የለም እንዴ? ስንፍናው የታል?» ብትሉኝ፣ እውነት ነው፤ ይጸዳል፣ የውስጥ ድጋፎቹም ይጠገናሉ። ያ ሁሉ ልፋት ግን ጊታሩ እንዲጮህ እንጂ አዲስ እንዲመስል አይደለም። የማወድሰው ስንፍና ይኸው ነው።

ጠንከር ያለው ሙግት የሚመጣው ከክሩ በኩል ነው። የብረት ክር በተወጠረበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች ተደምረው 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ አንድ ጎልማሳ ቀን ከሌት ተንጠልጥሎበታል እንደማለት ነው። ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት ብሪጅ እየተላቀቀ «ሰነፍ ነኝ» ብሎ መተኛት አይቻልም። እዚህ ላይ እረታለሁ። ግን ብሪጁን ምን አላቀቀው? አንዳንድ ጊዜ 40 ኪሎ ገደማ ለሚስብ የናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ አንዱ ትጉህ «ድምፁ ይድመቅ» ብሎ የብረት ክር ስለወጠረበት ነው። መነኩሴው ቆቡን ቀዶ የሰፋው ሥራ ቢያጣ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሥራ ሞልቶት ይቀዳል።

ሙጫውም ላይ ያው ነው። ከአሮጌ ጊታሮች ብዙዎቹ የተጣበቁት ከከብት ቆዳ በተሠራ ሙጫ ሲሆን፣ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ ባለሙያ እንጨቱን ሳይሰብር ሊከፍተው ይችላል። ትጉሁ የሚያፈስበት ሱፐር ግሉ ግን ስንጥቁን ጠማማ አድርጎ ከዘጋው ከነጠማማነቱ ያስቀረዋል፤ እንጨቱ ውስጥ ስለሚሰርግም ቀጣዩ ሙጫ አይዝም።

እንግዲህ ጊታር ከቁም ሳጥን አናት ያወረዳችሁ ሁሉ፣ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ለዓይነቱ የሚስማማውን ክር ግዙ፤ ብሪጁ ከተነሳ ለሚያውቅ ስጡ። ብርጭቆ ወረቀቱን ጊታር ለሌለው ጎረቤት አውሱት።