ኮሚሽን እግር ነው አሉ

ዕድሜ ሲረዝም የማያሳየው የለም። ድሮ ኒሯቅ ገበያ ላይ ደላላ ማለት የአበርገሌን ወጠጤ ጥርስ ገልጦ፣ ሽንጡን ዳብሶ፣ ሻጭና ገዥን እጅ የሚያማታ ሰው ነበር። ድርሻውን ይቀበላል፣ ጠላ ቤት ይገባል፣ አበቃ። አሁን ግን የእህቴ ልጅ «የመድን ወኪል ልሆን ነው» ብሎ ከሰቆጣ የመጣው አንድ ክንድ ወረቀት ይዞ ነው።

መደቡ ላይ ዘረጋው። አናቱ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ይላል፤ እሱ ራሱ ነው። ከሥሩ «የሽያጭ ኃላፊ»፣ ከኃላፊው ሥር ሁለት ሻጮች፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ጸሐፊ። አምስት ሰው! እኔ አርባ ፍየል በአንድ እረኛ ነው የማስጠብቀው፤ እሱም አንድ ቀን «ኃላፊ በሉኝ» ብሎ አያውቅም።

«ደመወዛቸውስ?»

«ሻጮቹ በኮሚሽን ነው። ለአዲስ ውል ከፍ ያለ፣ ለእድሳት ዝቅ ያለ። ጸሐፊዋ ትንሽ ደመወዝ አላት። ኮሚሽን እግር ነው፣ አጎቴ!»

እግሩንማ መች አጣሁት! ደርግ በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎችን ወርሶ ኋላ በአንድ ድርጅት ሲጠቀልላቸው፣ ደጃችን ድረስ የመጣ ሻጭ አላየሁም። በ1986 ዓ.ም. ለግል ከተፈቀደ ወዲህ ነው ሩጫው። ባጃጅ የገዛን ጊዜ አንዱ ሻጭ ሦስት ቀን ደጅ ጠናን። ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንዳት በአዋጅ ክልክል ነው ሲለን ከፈልን። ባጃጁ የጎረቤቴን ሁለት ፍየሎች የደፈጠጠ ዕለት ግን ሻጩ ስልክ ላይ ብደውል፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም» የምትለዋ ሴት ብቻ ናት ያነሳችልኝ። ከኪሴ ከፈልኩ። ጎረቤቴም «አንዷ እርጉዝ ነበረች» ብሎ በሦስት አስቆጠረኝ።

«ለመሆኑ አንተ የማን ሰው ነህ?» አልኩት።

«ወኪል የኩባንያው ነው፤ ለደንበኛው የሚቆመው የመድን ደላላው ነው። ፈቃዱን ግን ለሁለታችንም የሚሰጠን ብሔራዊ ባንክ ነው።»

ጉድ ነው! በእኛ ገበያ ደላላ ለሁለቱም ይቆማል፣ ከሁለቱም ይበላል።

«እንግዲህ ስማ» አልኩት። «አረቦን የሚያመጣልህ ይሮጣል። ጉዳት በደረሰ ዕለት ፎርሙን አስሞልታ፣ የፖሊስ ወረቀቱን አያይዛ፣ ካሳውን የምታስጨርሰው ግን ጥግ ያስቀመጥካት ልጅ ናት። ደንበኛው በዓመቱ የሚመለሰው ለሻጩ አንደበት መሰለህ? ስልክ ላነሳችለት ነው። ስለዚህ ከእድሳቱ ኮሚሽን ድርሻ ይኑራት። ሻጩም ያመጣው ውል በሦስተኛው ወር ከፈረሰ፣ የበላውን ይመልስ። እድራችንን አታይም? የሚጽፈው ብር አይዝም፣ ብር የሚይዘው አይጽፍም። ኮሚሽን የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሲሞት ግን ድንኳኑ ይተከላል።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ የጸሐፊዋን ስም ከጥግ ሰርዞ ከሻጮቹ ትይዩ ጻፈው። ደስ አለኝ፤ ጋቢዬን አጣፋሁ። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጭቃውን እየረገጠ ገባ።

«ማን ሞተ?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ማንም። ባለፈው ፍየል ሊገዙ ሄደው ቀብር ቀርተዋል፤ የቅጣቱን እንዲከፍሉኝ ነው የመጣሁት።»

የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ሲኒዬን አየሁ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ እሱም ቡና እንኳ ሳይቀምስ ወደሚቀጥለው ቤት ሮጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ይህ ሰው ኮሚሽን ከሌለው፣ ያን እግር ከየት አመጣው?